ጥንቸል በይፋት ቆላና በሥዕል ታሪክ

ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሸዋ ሮቢት ዙሪያ የተዘረጋው የይፋት ቆላ የግራርና የቁጥቋጦ አገር ነው። በዚህ ምድር ጥንቸልን የማያውቅ እረኛ የለም። ይሁን እንጂ ይህች የቅርብ ጎረቤት በኢትዮጵያ ሥዕል ውስጥ ያላት ስፍራ እጅግ ጠባብ ነው። ለዚህ ፈጥኖ የሚሰጠው ምክንያት በኦሪት የተከለከለች እርም መሆኗ ነው፤ ምክንያቱ ግን ሲመረመር አይጸናም።

በቅድሚያ ስለ ተፈጥሮዋ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የቆላዪቱ ጥንቸል የሳይንስ ስም ሌፑስ ሐበሲኒኩስ ሲሆን፣ ስሙን የሰጧት ሄምፕሪሽና ኤረንበርግ የተባሉ ጀርመናውያን ናቸው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1832 ነበር። በሸዋ ደጋ የምትኖረው ሌፑስ ስታርኪ ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማትገኝ ስትሆን፣ ለሳይንስ የታወቀችው ገና እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። የቆላዪቱ ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ቀኑን በቁጥቋጦ ሥር ተጋድማ ታሳልፋለች። ልጆቿም ጠጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። ረጃጅም ጆሮዎቿ ለመስማት ብቻ የተሰጡ አይደሉም፤ በስሱ ቆዳ ሥር በሚያልፉት የደም ሥሮች አማካይነት የሰውነቷን ሙቀት ወደ አየር ያስወጣሉ። የመኪና ራዲያተር የሚሠራውን ሥራ ይሠራሉ ማለት ነው።

ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ጥንቸል የምታመሰኳ፣ ሰኮናዋ ግን ያልተሰነጠቀ ስለሆነች እንዳትበላ ያዝዛል። እንደ ላም ያለ ጨጓራ የላትም፤ ነገር ግን ለስላሳውን በጠጥ መልሳ እየዋጠች ምግቧን ሁለት ጊዜ ስለምትፈጭ፣ የጥንቱ ተመልካች ከእውነቱ ብዙ አልራቀም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ሕጉን እስከ ዛሬ ይጠብቃሉ። በሱኒ እስልምና ግን ሥጋዋ ሐላል ነው። እንግዲህ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ አማራውና አርጎባው በአንድ ገበያ በሚውሉበት በይፋት፣ አንዲት ጥንቸል ሁለት ሕግ አላት።

ዳሩ ግን እርም መሆን ከሥዕል ያስወጣል? አንበሳም ዝሆንም በዚያው ሕግ አይበሉም፤ ሁለቱም ግን በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን የጣሪያ እንጨት ላይ ተቀርጸዋል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚገኘው ከአይሁድ ዘንድ ነው። ያንኑ ሕግ እየጠበቁ፣ በምሥራቅ አውሮፓ በነበሩት የእንጨት ምኩራቦቻቸው ጣሪያ ላይ በክብ የሚሯሯጡ ሦስት ጥንቸሎች ሥለዋል። ጆሮዎቹ በጠቅላላው ሦስት ብቻ ሲሆኑ፣ እያንዳንዷ ጥንቸል ሁለት ያላት ትመስላለች፤ የሚያስደንቅ የጂኦሜትሪ ብልሃት ነው! ይኸው ምልክት በቻይና በዱንሁዋንግ የቡድሂስት ዋሻዎች፣ በእስላም አገሮች የብረት ዕቃና በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናትም ይገኛል።

በጥንታዊት አቴና ደግሞ ሌላ ትርጉም ነበራት። ከ6ኛውና ከ5ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በተረፉ ሥዕላዊ ሸክላዎች ላይ ጎልማሳ ወንድ ለወጣት ወንድ ጥንቸል ሲያበረክት ይታያል፤ አደን የወንድ ክብር በነበረበት ኅብረተሰብ ይህ የፍቅር መለመኛ ስጦታ ነበር። በዘመናችን እንግሊዛዊው ዴቪድ ሆክኒ የግሪካዊውን ባለቅኔ የካቫፊን ግጥሞች ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1966 በመዳብ ሰሌዳ በሠራቸው ሥዕሎች የወንዶችን ፍቅር ምልክት ሳያስፈልገው በግልጽ አሳየ፤ ይህም የእንግሊዝ ሕግ በ1967 ከመላላቱ በፊት ነው። ጥንቸልን ያለ አንዳች ምልክትነት፣ ለራሷ ሲል የሣላት ግን ጀርመናዊው ዱረር ነው። እ.ኤ.አ. በ1502 የሠራት፣ ዛሬ በቪየና አልበርቲና ቤተ መዘክር የምትገኘው ጥንቸል ጠጉሯ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንስሳ የሚገባው ታሪክ ይዞ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ፣ አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ ያወጣው ዘንዶ፣ ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ጋር የሚቆሙት አንበሶችና ነብሮች ቦታቸውን ያገኙት በገድል ነው። ጥንቸል እንዲህ ያለ ዝነኛ ባለገድል አልገጠማትም። በወላስማ ሥርወ መንግሥት ዘመን በይፋት የታነጹት፣ ፍርስራሻቸው በኖራና በአስበሪ የሚታየው መስጊዶችም፣ እንደ መስጊድ ሥርዓት፣ የሕያው ፍጥረት ምስል ማሳያ አልነበሩም። ለእርሷ የተረፈላት ተረት ነው፤ በዚያም በግድግዳው ላይ ከጻድቁ አጠገብ የተከበረውን አንበሳ ስታታልለው ትገኛለች።