ሽምጥ፣ ልጓምና ፍሬን፦ የፍጥነት ታሪክ በጎጃም ደጋ

በአማርኛ የሳይንስ መጻሕፍት ለፍጥነት ለውጥ ከተሰጡት ስያሜዎች አንዱ «ሽምጠጣ» ነው። ቃሉ የመጣው ከፈረስ ሜዳ ነው፤ ፈረሰኛው ሳይቆጥብ በሙሉ ኃይል ሲጋልብ «ሽምጥ ጋለበ» ይባላል። ፍጥነት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚሸፈነውን መንገድ ሲለካ፣ ሽምጠጣ ግን ያ ፍጥነት የሚለወጥበትን መጠን ይለካል። ለውጡም ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታች ሊሆን ይችላል፤ በሳይንስ ዓይን መግታትም አቅጣጫው የተገለበጠ ሽምጠጣ ነው። የጎጃም ደጋ የፍጥነት ታሪክ ሲመረመር ጎልቶ የሚታየው ይኸው የመግታት ጉዳይና የመሬቱ ጠባይ ነው።

በእንስሳት ዓለም የሩጫ አውራ የሚባለው አቦ ሸማኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ በቦትስዋና አቦ ሸማኔዎች አንገት ላይ መለኪያ ታስሮ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ የተመዘገበው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። አውሬው በአንድ እመርታ በሴኮንድ እስከ 3 ሜትር ፍጥነት ሲጨምር፣ በአንድ እመርታ እስከ 4 ሜትር ሊቀንስ ይችላል። ይኸውም ከመፈትለኩ ይልቅ መግታቱ ይበረታል ማለት ነው፤ ታዳኙ ሲታጠፍ አብሮ መታጠፍ የማይችል ሯጭ ጦሙን ያድራልና። በጉግስ ጨዋታም ይኸው ይታያል። ዘንግ ወርዋሪው ተጋጣሚውን አሳድዶ ከወረወረ በኋላ ወዲያው ፈረሱን ገትቶ ካላዞረ፣ አሳዳጅ የነበረው ተሳዳጅ ይሆናል። በአዊ ደጋ በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ይህን የፈረስ ባህል በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ሲያከብር ኖሯል።

የቀድሞ መኳንንት የእንስሳቱን ጠባይ ለይተው ያውቁ ነበር። ለጉዞ በቅሎ ይቀመጣሉ፤ ፈረሱ ግን ለጦርነቱ ሰዓት ጉልበቱ እንዲቆጠብ ባዶውን ይሳባል። የዚያ አጭር ሰዓት ዋጋ የታየው ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. በእምባቦ ነው። መናገሻቸውን በደብረ ማርቆስ ያደረጉት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዐባይን ተሻግረው ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋር ሲዋጉ፣ የራስ ጎበና ፈረሰኞች ለሸዋ ድል ከፍተኛ ድርሻ አበረከቱ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ለተሸነፈው ሠራዊት ወደ አገሩ የሚመለስበት መንገድ የዐባይ በረሃ ነበር፤ በዚያ ቁልቁለት ደግሞ ፈረስ ከእግረኛ ብዙ የሚሻልበት ነገር የለም።

ከ59 ዓመት በኋላ እንስሳና ሞተር በአንድ ዘመቻ ጎን ለጎን ተፈተኑ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ወደ ጎጃም ሲያቀኑ፣ በኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጊዲዮን ጦር ስንቅና ጥይቱን የጫነው በብዙ ሺህ ግመሎች ላይ ነበር። ግመል የቆላ እንስሳ ነው፤ በሜዳና በአሸዋ የሚያህለው የለም። በበላያ አድርጎ ወደ ደጋው ሲወጣ ግን ዳገቱ፣ ብርዱና የመኖ እጦቱ ፈጀው። አዲስ አበባ የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። መንገዱን የሚያውቁት የጎጃም አርበኞች ግን አምስቱን ዓመት ሙሉ በዚያው ዳገት በእግርና በበቅሎ ሲዋጉ ቆይተዋል።

በዚያው ወራት ከኬንያ የተነሣው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር በመኪና ይጓዝ ነበር። የካቲት 18 ቀን ሞቃዲሾ የገባው ይህ ጦር በጅጅጋና በሐረር አድርጎ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በ40 ቀን የሸፈነው መንገድ ከ1 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡትም በዚያችው ዕለት ነው፤ ከድንበር ከተነሡ 76 ቀን ሆኗቸው ነበር። ልዩነቱን ለሞተሩ ብቻ መስጠት ግን ስሕተት ነው። መኪኖቹ የሮጡት በአብዛኛው ፋሺስት ኢጣሊያ ለራሷ ወረራ በጠረገችው መንገድ ላይ ነው፤ ከሱዳን ወደ ጎጃም ደጋ ግን እንዲህ ያለ መንገድ አልነበረም። መንገድ በሌለበት መኪና ከግመል ቀድሞ ይቆማል። የአንድ ሠራዊት ፍጥነትም የሚለካው በፈጣኑ ፈረሰኛ ሳይሆን በመጨረሻው ጭነት ነው።

ከነጻነት በኋላ ሞተሩ በደጋው ላይ ነገሠ፤ ነገር ግን የዐባይ በረሃ ሌላ ጥያቄ አቀረበለት። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው መንገድ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው ዝቅታም ከ1 ሺህ 300 ሜትር ይበልጣል። ከነጭነቱ 20 ሺህ ኪሎ ግራም የሚመዝን የጭነት መኪና ይህን ዝቅታ ሲወርድ ወደ 255 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት ይለቃል። ሰበቃና የአየር ግፊት ባይኖሩ፣ ፍሬንም ባይያዝ፣ መኪናው ከወንዙ የሚደርሰው በሰዓት ከ570 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት በሆነ ነበር። ይህ ጉልበት ፍጥነት እንዳይሆን ሙቀት መሆን አለበት፤ መጠኑም ከ700 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ሾፌሩ ፍሬኑን ብቻ እየረገጠ ቢወርድ ሙቀቱ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይከማቻል፤ ፍሬኑም ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉን ያጣል። «ፍሬን እምቢ አለ» የሚባለው አደጋ ከሚደርስባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ልምድ ያለው ሾፌር ገና ከአፋፉ ሳለ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ የሚያደርገው ስለዚህ ነው። ሥራው ከፈረሰኛው ሥራ አይለይም፤ ልጓም የሚያዘው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነውና።

በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ መሻገሪያውን አሻሽሏል፤ ቁልቁለቱን ግን አላስቀረም። የተሽከርካሪዎች ጉልበት ከዘመን ወደ ዘመን ጨምሯል፤ የመሬት ስበት ግን በእምባቦ ዘመን የነበረው ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን፣ በአንድ ዓይነት ፍሬን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ማሽን በስንት ሴኮንድ እንደሚፈተለክ ከመጠየቅ በፊት በስንት ሜትር እንደሚቆም መጠየቅ፣ መንገድ ለሚቀይሰውም፣ መኪና ለሚመረምረውም፣ መሪ ለሚጨብጠውም የመጀመሪያ ግዴታ ነው።