ላም አለኝ በሰማይ

አሰላ ሲነሳ ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ሯጭ ነው። ሯጭ ካልሆነ ስንዴ፣ ስንዴ ካልሆነ የብቅል ፋብሪካው። አሰላንና አውሮፕላንን በአንድ አፍ የሚያነሳ ሰው ግን እኔን አልገጠመኝም። ነገር ግን በጭላሎ ተራራ ግርጌ አድገው ምሕንድስና የሚያጠኑ ልጆች ሳገኝ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «ጋሼ፣ የአውሮፕላንና የሳተላይት ሙያ እዚህ አገር እንጀራ ይሆናል? ወይስ መሄድ ነው የሚሻለው?» ይላሉ። «ሂዱ» ማለትም «ቅሩ» ማለትም ቀላል ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ታሪኩን ብናይ ይሻላል ባይ ነኝ።

ይህ ሙያ ለኛ አዲስ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ ጣሊያን አገሩን እየወረረ ሳለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተገጣጠመች አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በረረች። ሥራውን የመራው ሉድቪግ ቬበር የሚባል ጀርመናዊ ነበር። በልዕልቲቱ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ወራት ሳይቆጠሩ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ፤ አውሮፕላኗም ተማርካ ሮም አቅራቢያ ባለ ሙዚየም ተቀመጠች። የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። እሰየው ብለናል፤ ደስ የሚያሰኝ ነውና። ግን እስቲ ልብ በሉ፤ አውሮፕላኗ ስትመለስ የሠራት ወርክሾፕ አብሮ አልተመለሰም። የአውሮፕላን ሙያ የሚኖረው በወርክሾፑ ነው እንጂ በሙዚየሙ አይደለም።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተጀመረው ከነጻነት በኋላ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለቀይ መስቀል ሲበር የነበረው ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ተመልሶ መጣ፤ ደብረ ዘይት ላይ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል አደራጀ። በግንቦት 1939 ዓ.ም. ሳፊር የምትባለዋን የሳብ ኩባንያ ትንሽ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አስነስቶ፣ የትም ሳያርፍ፣ ከ30 ሰዓት በላይ በርሮ አዲስ አበባ ገባ። በ1966ቱ ረሃብ ደግሞ በትናንሽ አውሮፕላኖች እህል ከሰማይ ሲጥል ታየ። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ጎዴ ላይ ተገደለ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ቁስለኛም፣ የጦር መሣሪያም፣ እህልም በአውሮፕላን ተጫነ። ሙያው ለሁሉም ያገለግላል ማለት ነው፤ አገልግሎቱን የሚወስነው ባለቤቱ ነው።

ስለ አብራሪዎቹ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ከክንፉ ሥር የሚሠራው ቴክኒሻን ነው። መጀመሪያ በስዊድኖች አውሮፕላን ተማረ። ቀጥሎ የአሜሪካኖቹ ኤፍ-86 እና ኤፍ-5 መጡና መመሪያው በኢንችና በፓውንድ ሆነ። ያንን ጠንቅቆ ሲያውቅ አብዮቱ መጣ፤ ወዳጅ ተለወጠና ሚግ ገባ። አሁን መመሪያው በሩሲያኛ፣ ልኩ በሚሊ ሜትር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ብዙው ባለሙያ ተበተነ፤ የታሰረም አለ። ከዚያ ወዲህ በደጀን አቪዬሽን ስም እንደገና ተለቅሞ መቋቋም ነበረበት። ለሥራ በሚበቃ አንድ ዕድሜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ከሀ ሁ መጀመር ምን ማለት እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል።

ወደ አሰላ ልመልሳችሁ። በ1960 ዓ.ም. እነዚያው ስዊድኖች፣ አሁን በእርሻ በኩል፣ አሰላ ላይ ካዱን አቋቋሙ። የጭላሎ አውራጃ የእርሻ ልማት ድርጅት ማለት ነው። ከዘርና ከማዳበሪያው ጎን የእርሻ መሣሪያ የሚሞከርበት ክፍል ነበረው። የተሻሻለ ማረሻ፣ በበሬ የሚጎተት ጋሪ ይሠራል፤ ገበሬው ወስዶ ይሞክራል። ከከበደው «በሬዬን ገደለብኝ» ብሎ ይመልሰዋል፤ መሐንዲሱም እንደገና ይሠራል። ይህ ሥራ ስሙን እየቀያየረ፣ መንግሥታትን እያሳለፈ፣ እስከ ዛሬው የአሰላ የግብርና ምሕንድስና ምርምር ማዕከል ድረስ ዘልቋል። የስንዴና የገብስ መውቂያ የሚሠሩ ሰዎች ዛሬም እዚያ አሉ።

የደብረ ዘይቱ በየጊዜው ሲፈርስ የአሰላው ለምን ዘለቀ? ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛ፣ ብረቱም እንጨቱም እዚሁ ይገኛል፤ ወዳጅ አገር ሲኮርፍ መለዋወጫ አይቋረጥም። ሁለተኛ፣ ደጁ ላይ የሚቆጣ ገበሬ አለ። የሚቆጣ ተጠቃሚ ያለው ሙያ አይሞትም።

ይህን ስል አሰላን ገነት ላደርጋት አይደለም። ስንዴው ማትረፍ ሲጀምር የጭላሎ ባለርስቶች ትራክተር አስገቡ፤ መሬታቸውን ራሳቸው ማረስ ቻሉና ጭሰኛውን አስለቀቁት። ትራክተሩ ምንም አላጠፋም፤ ሕጉ ግን ለባለርስቱ ነበር። መሣሪያ የሚሠራ ሰው «ማን ይጠቀምበታል?» ብሎ ካልጠየቀ ሌላው ይጠይቅለታል። ይህ ለሮኬትም ለትራክተርም እኩል ይሠራል።

ስለሄዱትስ? ቦንጋ ተወልዶ ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የተማረው ቅጣው እጅጉ በጃፓን አድርጎ አሜሪካ ገባ፤ እዚያም በጠፈር መንኮራኩርና በሳተላይት ምሕንድስና ስሙ ተጠራ። በጥር 1998 ዓ.ም. አረፈ። በሱ እንኮራለን፤ መኩራትም ይገባናል። ነገር ግን የኛ ኩራት በሰው አገር ወርክሾፕ የተሠራ መሆኑን አንርሳ። ልጁን ያበቀለው ባሕር ዳር ነው፤ ያሠራው ግን ሌላ ነው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ከቻይና ተወነጨፈች። መቆጣጠሪያዋ እንጦጦ ላይ ነበር፤ በሥራው የኛ ልጆች ተካፍለዋል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ ሲቀልድ ሰማሁ። ቀልዱ ግማሽ እውነት አለው። እንዲህ ያለች ሳተላይት ሰብልን፣ ደንንና ውሃን ከላይ ታያለች፤ በመረጃዋ ዋግ የመታውን የአርሲን ስንዴ ለይቶ ለማወቅ የሚረዳ ሥራ መሥራት ይቻላል። መረጃው እንጦጦ ላይ ከቀረ ግን ወተቱ አልታለበም። አላቢ ያስፈልጋል፤ ምስሉን አንብቦ ለጢዮና ለዲገሉ ገበሬ በሚገባ ቋንቋ የሚያደርስ ባለሙያ።

እንግዲህ ለአሰላ ልጆች የምላቸው ይህንን ነው። መሄድ ነውር አይደለም፤ ተምሮ መሥራት የትም ሥራ ነው። የቀጠራችሁ የመሣሪያ ፋብሪካ ከሆነ ግን «የምሠራው ማን ላይ ይወድቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትቀሩ ደግሞ ሹመትና ሪባን ቆረጣ ሳይሆን ወርክሾፕ ፈልጉ፤ ከሌለም መሥርቱ። ለመንግሥትም አንድ ቃል አለኝ። የሚቀጥለው ለውጥ ሲመጣ፣ መምጣቱ አይቀርምና፣ ሰሌዳው ይለወጥ፤ ቴክኒሻኑን ግን ከነመፍቻው ተዉት።