የ23 ዓመት ዕዳ

«ሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚደክሙት ተፈጥሯቸው ለሒሳብ ስላልሆነ ነው» የሚል ክርክር በየዶርሙ ይሰማል። የተከራካሪው ማስረጃ የራሱ ክፍል ነው፤ «ዘጠነኛ ክፍል ስንት ሴት ነበረች? አሥራ ሁለተኛስ ስንት ደረሰች?» ይላል። ቆጠራው ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን ታሪክን ያልጠየቀ ቆጠራ ነው።

እስቲ እንጠይቅ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 ሲከፈት የተቀበለው ወንዶችን ነው። በ1925 ተፈሪ መኮንን ተከተለ፤ እሱም የወንድ። መንግሥት ለሴት ልጅ በር የከፈተው በ1931፣ እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሲቋቋም ነው። 23 ዓመት እኮ ነው! በዚህ ሁሉ ጊዜ ወንዶቹ ተማሩ፣ የውጭ ቋንቋ ቻሉ፣ ባሕር ማዶ ደርሰው ተመለሱ፣ ቢሮ ገቡ። እህቶቻቸው ጥጥ ይፈትላሉ። በሩ በተከፈተ በአምስት ዓመቱ ደግሞ ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባ ገባ።

ከነፃነት በኋላስ? ኮተቤ በ1943፣ ጄኔራል ዊንጌት በ1946 ተከፈቱ፤ ሁለቱም የወንድ አዳሪ። በ1950 ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲመሠረት ተዘጋጅቶ የጠበቀው እንግዲህ ማን እንደነበር ግልጽ ነው። እቴጌ መነን ከቀለሙ ጎን ስፌትና የቤት አያያዝ ያስተምር ነበር፤ ለተማረ ባል የተማረች ሚስት ይገኝ ዘንድ። ሙያው ይናቅ አልልም። ለወንዶቹም አስተምረው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሽሮ መሥራት ባልቸገረን!

ያም ሆኖ ያንን ትምህርት ቤት የመራችው ስንዱ ገብሩ ነበረች። ስዊዘርላንድ የተማረች፣ በወረራው ዘመን ተይዛ አዚናራ ደሴት የታሰረች፣ ቲያትር ደራሲ። በ1957 ተወዳድራ ፓርላማ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። «ተፈጥሮ» ባዩ ወንድማችን እሷን የት ያስቀምጣታል?

ከ1974 አብዮት በኋላ እቴጌ መነን የካቲት 12 ተባለ። በሩ ለሁለቱም ፆታ ክፍት ሆነ፤ ጓዳው ግን አልተለወጠም። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ለሴቶች ዝቅ ይደረግ በነበረበት ጊዜ «ችሮታ ነው» ብሎ የሚያኮርፍ ሞልቶ ነበር። የወንዶቹን 23 ዓመት ችሮታ ያለው ግን አልሰማሁም። ደወል ሲደወል ልጁ ኳስ ሜዳ ይወርዳል፤ እህቱ ውኃ ትቀዳለች፣ ሊጥ ታቦካለች፣ ታናናሾቿን ታበላለች፣ ደብተሯን የምትገልጠው ቤቱ ሲተኛ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ለሁለቱም አንድ ዓይነት የፈተና ወረቀት ይታደላቸዋል።