ሁለት ሴንቲሜትር

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ጓደኛዬ አሮጌ ሱዙኪ ገዛ። ሁለት በር፣ አጭር፣ ባለ ፎር ዊል። እናቱ ያሉት ጎጃም ነው፤ ከደጀን አልፎ ከአስፋልቱ ወጣ ይላል። ክረምት ላይ ያ መንገድ መረሬ ነው፤ መኪና አያሳልፍም። ስለዚህ ልጁ ጋራዥ ገብቶ ያዘዘው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ «ከፍ አድርጉልኝ፣ ትልቅ ጎማ ግጠሙልኝ።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጥያቄውን በጥያቄ መለሰለት፦ «ምኗን ነው ከፍ የማደርግልህ?»

ቀልድ ይመስላል። ግን የዚህችን ትንሽ መኪና የሃምሳ ዓመት ታሪክ ላየ ሰው ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ሜትር ውስጥ የገባች መኪና

ነገሩ የሚጀምረው ጃፓን ነው። የጃፓን መንግሥት «ኬይ» ለሚባሉ ትናንሽ መኪኖች ግብር ቀነሰ፤ በምትኩ ልክ አበጀላቸው። በ1960ዎቹ ልኩ ይሄ ነበር፦ ርዝመት ከ3 ሜትር፣ ወርድ ከ1.3 ሜትር፣ ሞተር ከ360 ሲሲ አይበልጥም። በዚህ ልክ ታክሲ ወይም የዕቃ መኪና መሥራት ይቻላል። ተራራ የምትወጣ ፎር ዊል መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሆፕ ሞተር የሚባል አነስተኛ ኩባንያ ሞከረው። «ኦኤን 360» የተባለችው መኪናው ሞተሯ የሚትሱቢሺ ነበር፤ ገበያ ግን አላገኘችም። በ1968 ሱዙኪ የመሥራት መብቷን ገዛ። በራሱ 359 ሲሲ፣ በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ቀየራትና በ1970 «ኤልጄ10» ብሎ አወጣት። 25 የፈረስ ጉልበት፣ 590 ኪሎ ክብደት። በቃ፣ ይሄው ነው።

ሦስት ሜትሯን ላለማለፍ መሐንዲሶቹ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። እንደ ጂፕ ከኋላ የሚንጠለጠለውን ቅያሪ ጎማ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ከሹፌሩ በስተኋላ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ርዝመትና ወርድ በሕግ ሲታሰር የቀረላቸው ወደ ላይ ነው። ስለዚህ ለዚያች ለምታህል መኪና 16 ኢንች ቸርኬ ሰጧት፤ ቀጭን ግን ረጅም ጎማ። ዛሬም አዲሷ ጂምኒ በጃፓን የምትሸጠው በ175/80 ባለ 16 ጎማ ነው። እንደ ፋሽን ካያችሁት ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን ያለ ምክንያት አይደለም።

ዝቅ ያለው ማነው?

ምክንያቱን ለማየት ጎንበስ ብላችሁ ከመኪናዋ ሥር ተመልከቱ። እንዲህ ዓይነት ፎር ዊሎች ከፊትም ከኋላም ከጎማ እስከ ጎማ የሚደርስ ድፍን አክሰል አላቸው። በአክሰሉ ላይ እንደ ዱባ ያበጠ ነገር አለ፤ ዲፈረንሻሉ። ከመኪናዋ አካል ሁሉ ለመሬት የሚቀርበው እሱ ነው። ድንጋይ ወይም የጭቃ ጉብታ ቀድሞ የሚያገኘውም እሱን ነው።

አሁን ባሌስትራውን ወይም ሞላውን ቀይራችሁ አካሏን 10 ሴንቲሜትር ከፍ አደረጋችሁ እንበል። በሩ፣ ኮፈኑ፣ ሻንሲው ከፍ ይላል። መኪናዋ ጎብጣ የወጣችበትን ጉብታ ሆዷ ሳይነካው ታልፋለች፤ ይህ ጥቅም እውነት ነው። ዲፈረንሻሉ ግን የት ነው? እዚያው ነው፣ አንዲት ሚሊሜትር አልተነሳም። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም በጎማው ጭማሪ ግማሽ።

እስቲ እናስላው። ወደ ውጭ አገር የምትሸጠው የ2018ቷ ጂምኒ 195/80 ባለ 15 ጎማ ታደርጋለች፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 693 ሚሊሜትር ነው። ብዙ ሰው የሚቀይረው ወደ 235/75 ባለ 15 ነው፤ እሱ ወደ 733 ይደርሳል። ልዩነቱ 40 ሚሊሜትር፣ ግማሹ 20። ያ ሁሉ ወጪ፣ ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ፣ ለዲፈረንሻሉ ሁለት ሴንቲሜትር ነው ያተረፈለት።

ሁለት ሴንቲሜትሯ ደግሞ ነፃ አይደለችም። ጎማው ሲተልቅ ማርሹ ሁሉ የረዘመ ያህል ይሆናል፤ ትንሹ ሞተር ዳገት ላይ ያቃስታል። የፍጥነት መቁጠሪያው ከቀድሞው 6 በመቶ ያህል ዝቅ አድርጎ ያነባል። ጎማው ስለሚከብድ ፍሬኑም አክሰሉም ያልለመዱትን ሸክም ይሸከማሉ።

አሜሪካ ላይ የተነሳው ክርክር

በ1980ዎቹ መኪናዋ አደገች። በ1985 መጨረሻ ባለ 1.3 ሊትሯ «ሳሙራይ» በሚል ስም አሜሪካ ገባች፤ ርካሽ ስለነበረች ወጣቱ ተሻማባት። የአሜሪካ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር አስተዋሉ። የሳሙራይ ባሌስትራ የታሰረው ከአክሰሉ በታች ነው። ፈትተህ ከአክሰሉ በላይ ብታስረው መኪናዋ ወደ 12 ሴንቲሜትር ገደማ ብድግ ትላለች፤ አዲስ ባሌስትራ እንኳ አያስፈልግም።

ርካሽ ዘዴ ነው፤ ብዙዎች አደረጉት። ከዚያ መዘዙ መጣ። ነዳጅ ሲረገጥ ባሌስትራው ይጣመማል፤ የመሪው ዘንግ አንግል ይበላሻል፤ የፍሬን ቱቦ ያጥራል። ትልቁ ግን ሚዛን ነው።

በ1988 «ኮንሲዩመር ሪፖርትስ» የተባለው የሸማቾች መጽሔት ሳሙራይን ፈትኖ ድንገት መሪ ሲዞር ትገለበጣለች ሲል «ተቀባይነት የላትም» የሚል ፍርድ ሰጠባት። ገበያዋ ወደቀ። ሱዙኪ ፈተናው ሆን ተብሎ የተቀነባበረ ነው ብሎ በ1996 ከሰሰ፤ ክርክሩ በ2004 ያለ ገንዘብ ክፍያ በስምምነት ተዘጋ። ማን ትክክል ነበር የሚለው እስካሁን ያከራክራል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ ያ ሁሉ ክርክር የተነሳው ምንም ባልተነካች፣ ከፋብሪካ እንደወጣች ባለች መኪና ላይ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለውን ስፋት ለሁለት ክፈሉ፤ ውጤቱን ለክብደቷ ማዕከል ከፍታ አካፍሉ። የሳሙራይ ስፋት 1.3 ሜትር ነው፤ ግማሹ 65 ሴንቲሜትር። ማዕከሉ ለምሳሌ 60 ላይ ቢሆን ውጤቱ 1.08 ይሆናል። 10 ሴንቲሜትር ከፍ ብታደርጓት 0.93 ላይ ትወርዳለች። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር መኪናዋ ከመንሸራተት ይልቅ መገልበጥ ይቀላታል።

ቀላል መሆን

ታዲያ ይህች መኪና ጉልበቷ ምንድን ነው? ቀላልነቷ። በ2007 ጎንዛሎ ብራቮና ኤድዋርዶ ካናሌስ የተባሉ ሁለት ቺሊያውያን አንዲት የተሻሻለች ሳሙራይ ይዘው በቺሊና በአርጀንቲና ድንበር ላይ ያለውን ኦሆስ ዴል ሳላዶን እሳተ ገሞራ ወጡ፤ 6,688 ሜትር ላይ ደረሱ። ከራስ ዳሸን በሁለት ሺህ ሜትር ይበልጣል። ቀላል መኪና ብዙ አትሰምጥም፤ ከሰመጠችም በሰው ግፊት ትወጣለች።

የጎማ ምርጫም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጥልቅና ሰፊ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ መረሬን እየተፋ ይሄዳል፤ ጥርሱ የተጠጋጋ ጎማ ግን በአንድ ዙር ተለስኖ እንደ ኳስ ይሆናል። ያው የጭቃ ጎማ ደግሞ ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ ያንሸራትታል። በአሸዋና በልል መሬት ላይ ከሁሉ የሚረክሰው ዘዴ አየር መቀነስ ነው፤ ጎማው ይረዝማል፣ ክብደቷ ይበተናል። አስፋልት ሲደረስ መልሶ መንፋት የግድ ነው።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። መካኒኩ አንድ ወረቀት ላይ የዲፈረንሻል ሥዕል ሥሎ አስረዳው፤ ከዚያ «በየት ነው የምትሄደው?» አለው። በዓባይ በረሃ። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው ያ ጠመዝማዛ መንገድ፣ በክረምት፣ በዝናብ። መረሬው ከፍታና የጭቃ ጥርስ ይፈልጋል፤ የዓባይ ቁልቁለት ደግሞ ዝቅታና አስፋልት የሚነክስ ጎማ። ጉዞው አንድ ነው፣ መኪናዋም አንድ ናት።

በመጨረሻ የተኛውን ባሌስትራ በአዲስ ቀየረ፤ ወደ ፋብሪካ ከፍታዋ ተመለሰች፣ ከዚያ በላይ አላነሳትም። ጎማውን ትንሽ ረጅም፣ ቀጭን፣ ለሁለቱም መንገድ የሚሆን አደረገ። አካፋ፣ ገመድና የአየር ፓምፕ ጨመረበት። ዓባይን በሰላም ወረደ፣ ወጣም። የመጨረሻውን አንድ ኪሎ ሜትር ግን መረሬው እምቢ ስላለ መኪናዋን ከዘመድ ደጅ አቁሞ በእግሩ ሄደ። እናቱ በሩ ላይ ቆመው እስከ ጉልበቱ የተለሰነውን ጭቃ አይተው ሳቁ አለኝ። ስለ መኪናዋ አልጠየቁትም፤ ስለ መንገዱ ነው የጠየቁት።