የመቀመጫ ርቀት፦ የሶቪየት ሌንስ በዛሬ ካሜራ ላይ እንዴት ይሠራል?

የመቀመጫ ርቀት (ስም)፦ ሌንስ ካሜራው ላይ ከሚያርፍበት የብረት ፊት እስከ ሴንሰሩ ወይም እስከ ፊልሙ ድረስ ያለው ልክ። ባለሙያዎች ፍላንጅ ዲስታንስ ይሉታል፤ የሚለካውም በሚሊ ሜትር ነው።

ማንኛውም ሌንስ የሚሠራው ለአንድ የታወቀ የመቀመጫ ርቀት ነው። ከልኩ ርቆ ከተቀመጠ ሩቅ ያለውን ነገር አጥርቶ ማሳየት አይችልም፤ ከልኩ እጅግ ከቀረበ ደግሞ ጭራሽ ምንም ነገር አይጠራም።

ሂሊዮስ-44ን እንመልከት። የጀርመኑን የካርል ዛይስ ቢዮታር ንድፍ ተከትሎ በሶቪየት ኅብረት የተሠራ፣ ከዜኒት ካሜራ ጋር በብዛት የተሸጠ ሌንስ ነው። የትኩረት ርዝመቱ 58 ሚሊ ሜትር ሲሆን አፐርቸሩ እስከ ኤፍ 2 ይከፈታል። አፐርቸሩን ሙሉ በሙሉ ከፍተው ቅጠላማ ዛፍ ከኋላው ያለ ሰው ሲያነሡበት፣ በቅጠሎቹ መሐል የሚያልፈው ብርሃን በሰውየው ዙሪያ የሚሽከረከር ይመስላል። ዛሬም ድረስ ተፈላጊ ያደረገው ይህ መልኩ ነው።

ዜኒት በውስጡ የሚነሣና የሚወድቅ መስታወት ስላለው ለመስታወቱ ቦታ መተው ነበረበት። ስለዚህ ኤም 42 በተባለው ጥርስ የሚጠመዘዘው ሂሊዮስ የመቀመጫ ርቀቱ 45.46 ሚሊ ሜትር ነው። መስታወት የሌለው የሶኒ ኢ ካሜራ ርቀት ግን 18 ብቻ ነው። ልዩነቱ 27.46 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አዳፕተር የምንለው ይህን ልዩነት የሚሞላ ባዶ የብረት ቀለበት ነው፤ ውስጡ መነጽር ስለሌለ የምስሉን ጥራት አይነካም። በመስታወታሙ ኒኮን ኤፍ ላይ ግን ርቀቱ 46.5 ስለሆነ ሌንሱ ገና ከመነሻው ከልኩ ይርቃል። ባዶ ቀለበት ይህን ሊያስተካክል አይችልም፤ መነጽር ያለበት አዳፕተር ያስፈልጋል፤ እሱም ጥራት ይቀንሳል።

የጥርስ መመሳሰል እንዳያታልልዎ። ፌድና ዞርኪ የተባሉት የሶቪየት ካሜራዎች ሌንሶች በኤም 39 ጥርስ ይጠመዘዛሉ፤ የቀድሞዎቹ ዜኒቶች ሌንሶችም እንዲሁ። የፌድና የዞርኪ የመቀመጫ ርቀት ግን 28.8፣ የዜኒቶቹ 45.2 ሚሊ ሜትር ነው። ለፌድ የተሠራ አዳፕተር ላይ የዜኒት ሌንስ በትክክል ይጠመዘዛል፤ ፎቶው ግን ከቅርብም ከሩቅም አይጠራም።

ሌንሱ በትክክል ከተገጠመም በኋላ ካሜራው አያውቀውም። በሜኑው ውስጥ፣ ያለ ሌንስ ፎቶ ማንሳት የሚፈቅደውን ምርጫ ያብሩ፤ ፎከሱን በእጅ እያዞሩ፣ ስክሪኑ ላይ ምስሉን አጉልተው ያስተካክሉ።

ሌንስ ከመግዛትዎ በፊት የሌንሱን የመቀመጫ ርቀት ይጠይቁ፤ ከዚያ ላይ የካሜራዎን ይቀንሱ። ለቀለበት የሚበቃ ትርፍ ከተገኘ ይግዙ፤ ካልተገኘ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይተዉት።