የዳማው ፈረስ የታክኦቨር ታርጌት ዜና

በአገራችን ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻም አባ ነፍሶ ተባሉ። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ግን ከባሕር ማዶ፣ በአውስትራሊያ ምድር የሆነውን ነው። የዚህ ፈረስ ጌታ መስፍንም ደጃዝማችም አልነበረም፤ ስሙ ጆ ጃኒያክ የሚባል ባለታክሲ ነበር። ይሁን እንጂ እርሱም እንደ ጥንቶቹ በፈረሱ ታወቀ፤ ስለዚህ ዜናው እንደ ጥንቱ ልማድ ሊጻፍ ይገባዋል ብለን ጀመርን።

አስቀድመን ትውልዱን እንናገር። ቶሮብሬድ የሚባሉት የእሽቅድምድም ፈረሶች ሁሉ በአባት በኩል ከምሥራቅ ወደ እንግሊዝ ከተወሰዱ ከሦስት ድንጉላዎች ይወርዳሉ። ከሦስቱ አንዱን ቶማስ ዳርሊ የሚባል ሰው በአሌፖ ገዝቶ በፈረንጆች በ1704 ወደ አገሩ ላከው። ከዚያ ፈረስ ዘር፣ ከብዙ ትውልድ በኋላ ሚስተር ፕሮስፔክተር ተወለደ፤ ሚስተር ፕሮስፔክተር ዳሚስተርን፣ ዳሚስተርም ሴልቲክ ስዊንግን ወለደ። ይህ ሴልቲክ ስዊንግ በ1994 በእንግሊዝ በዶንካስተር ሜዳ ተከታዩን በ12 የፈረስ ርዝመት ርቆ ያሸነፈ፣ በማግሥቱም ዓመት የፈረንሳይን ደርቢ የወሰደ ነው። ሴልቲክ ስዊንግም ሸዲ ስትሪም ከምትባል ባዝራ ታክኦቨር ታርጌትን ወለደ፤ ዘመኑም በፈረንጆች 1999 ነው። መልኩ ዳማ ነበር። በጋጣ ያሉት ግን አርቺ እያሉ ይጠሩት ነበር። የተኮላሸ ነበርና ከእርሱ በኋላ የሚጻፍ ልጅ የለውም፤ ትውልዱ በእርሱ ያበቃል።

አባቱ እንዲህ የከበረ ሲሆን ልጁ ግን በጉልበቱ ሕመም ምክንያት አንድ ቀን እንኳ ሳይወዳደር እስከ ፈረንጆች 2003 ቆየ። በዚያም ዓመት ለጨረታ ቀረበ። በዚያ አገር መልካም ዘር ያለው የአንድ ዓመት ውርንጭላ በመቶ ሺህ ዶላር ሲሸጥ ይህን በ1,250 የአውስትራሊያ ዶላር ሰጡት፤ ከነቀረጡ 1,375 ሆነ። ገዢው ጃኒያክ ነው። ይህ ሰው በካንቤራ አጠገብ በምትገኝ ኩዊንቢያን በምትባል ከተማ ታክሲ እየነዳ፣ ጥቂት ፈረሶችንም ራሱ እያሠለጠነ፣ በግልቢያው ሜዳ አጠገብ በተጎታች ቤት ይኖር ነበር። የታመመ ጉልበት ያለውን ፈረስ መግዛት ለሀብታም ጨዋታ ይሆን ይሆናል፤ በታክሲ ሥራ ለሚያድር ሰው ግን የአንድ ዓመት ተስፋን ማስያዝ ነው። በትዕግሥት ጠበቀው፤ ጉልበቱ እስኪጸና አላስቸኮለውም። እኔ እንደሚመስለኝ ከኋላ የመጣው ድል ሁሉ የተዘራው በእነዚያ ዝም ባሉ ወራት ነው።

በ1996 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ በዚያችው በኩዊንቢያን ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጠና አሸነፈ። በሐምሌም ወደ ግራፍተን ወጥቶ የራሞርኒን ውድድር ወሰደ። ከዚህም በኋላ ዘመነ ማቴዎስ ገባ። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. ወደ ሜልበርን ወርዶ፣ በፍሌሚንግተን ሜዳ ሳሊንጀር የሚባለውን የመጀመሪያ ደረጃ ውድድር አሸነፈ። ይህ ሰባተኛ ሩጫው ነበር፤ በሰባቱም የቀደመው አልነበረም። በላዩ የተቀመጠው ጋላቢ ጄይ ፎርድ ይባላል፤ ገና ወጣት ነበር። ከዚያ ወዲያ በባሕር ማዶ ባደረጋቸው ታላላቅ ሩጫዎች ጃኒያክ ያን ወጣት በታወቀ ጋላቢ አልለወጠውም። ይህን የምጽፈው ጃኒያክ መመስገን ስላለበት ነው።

አንባቢ ልብ ይበል፤ የዚህ ፈረስ ሙያ የአጭር ርቀት ነበር። ከ1,000 እስከ 1,200 ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ነገሩም ሁሉ በአንድ ደቂቃ ገደማ ያልቅ ነበር። ረጅም የሚሮጥ ፈረስ ቢሳሳት ለማረም ጊዜ አለው፤ አጭር የሚሮጠው ግን የመነሻው በር ሲከፈት አንድ እርምጃ ቢዘገይ ጠፋ። ታክኦቨር ታርጌት ከበሩ ፈጥኖ ይወጣ ነበር፤ ከፊት ሆኖም ይመራ ነበር።

 በ1998 ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ በፍሌሚንግተን ላይትኒንግ የሚባለውን የ1,000 ሜትር፣ ቀጥሎም ኒውማርኬት የሚባለውን የ1,200 ሜትር ውድድር አሸነፈ። ያን ጊዜ ጃኒያክ ፈረሱን በአውሮፕላን ጭኖ ወደ እንግሊዝ ዘመተ። መንገዱን ሌላ ጠርጎለት ነበር፤ በፈረንጆች በ2003 ሾይሲር የሚባል የአውስትራሊያ ፈረስ በንጉሣዊው የአስኮት ሜዳ ሁለት ውድድር በአንድ ሳምንት አሸንፎ ነበርና።

አስኮትን ንግሥት አን በ1711 ያቆመችው ነው። በፈረንጆች በ2005 ሜዳው ይታደስ ስለነበር ውድድሩ በዮርክ ተደረገ። ሰኔ 13 ቀን 1998 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ አዲሱን ሕንፃ መረቀች፤ በንጉሣዊው አጥር ውስጥ ወንዶች ሁሉ እንደ ሥርዓቱ ረጅም ባርኔጣ አድርገው ቆሙ። በዚያው ቀን የኪንግስ ስታንድ ውድድር ነበረ። የዚህ ውድድር ስም ከነገሥታት ጋር ሲለወጥ የኖረ ነው፤ ቀድሞ በንግሥት ስም ይጠራ ነበር፣ ኤድዋርድ ሰባተኛ በ1901 ሲነግሥ በንጉሥ ተባለ፤ በ2024ም የንጉሥ ቻርልስ ሦስተኛ ሆነ። እነሆ ከዓለም የተመረጡት ፈጣኖች ተሰለፉ፤ በሩም ተከፈተ፤ ባለ 1,250 ዶላሩ ፈረስ በነገሥታቱ ፊት ቀድሞ ገባ። ከአራት ቀን በኋላ ዳግመኛ በዚያው በአስኮት ጎልደን ኢዮቤልዩ በሚባለው ውድድር ሮጦ ሦስተኛ ወጣ።

ከእንግሊዝ ወደ ጃፓን ተሻገረ። መስከረም 21 ቀን 1999 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ፣ በአገራችን የግሸን ማርያም በዓል በሚከበርበት ቀን፣ በናካያማ ሜዳ ስፕሪንተርስ ስቴክስን አሸነፈ። በዚያው ቀን የጃፓኖች ታላቅ ፈረስ ዲፕ ኢምፓክት በፓሪስ ሮጦ ሦስተኛ ወጥቶ ነበር፤ ኋላ ግን በሰውነቱ የተከለከለ መድኃኒት ተገኘና ውጤቱ ተሰረዘ። ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ታክኦቨር ታርጌትንም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት ነበር። ወደ ሆንግ ኮንግ በሄደ ጊዜ ታኅሣሥ መባቻ ይደረግ ከነበረው ውድድር አስቀድሞ ሲመረመር ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን የሚባል መድኃኒት ተገኘበት። ፈረሱን ለማረጋጋት ቀደም ብሎ የተሰጠ ሲሆን ከሰውነቱ ጨርሶ አልወጣም ነበር። ዳኞቹ ከውድድሩ አስወጡት፤ ጃኒያክንም 200,000 የሆንግ ኮንግ ዶላር ቀጡት። በዚያ ቢያሸንፍ ይደርሰው የነበረው የአንድ ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ጉርሻም አመለጠ። ሕግ ሕግ ነውና ዳኞቹን አልነቅፍም፤ ነገር ግን በሦስት አገር ሮጦ ለአራተኛው የደረሰ ፈረስ ከጋጣ ሳይወጣ መቅረቱ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ከዚህ በኋላ ብዙዎች ያበቃ መሰላቸው። እርሱ ግን በ2007 በፈረንጆች በብሪስቤን ዱምቤን 10,000 የሚባለውን ውድድር ወሰደ፤ በዚያው ዓመት በአስኮት ጎልደን ኢዮቤልዩ ሁለተኛ ሆነ። በግንቦት 2000 ዓ.ም. በሲንጋፖር በክራንጂ ሜዳ ክሪስፍላየርን አሸነፈ፤ ቀጥሎም ለሦስተኛ ጊዜ ወደ አስኮት ወጥቶ በኪንግስ ስታንድ ኢኩዊያኖ ከሚባል ጎረምሳ ፈረስ ኋላ ሁለተኛ ገባ። በ2001 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት፣ እኩዮቹ ሁሉ በመስክ ተለቀው ሳለ፣ በራንድዊክ ቲ ጄ ስሚዝን፣ በአደላይድም ጉድውድን አሸነፈ። የመጀመሪያ ደረጃ ድሎቹ በዚህ ስምንት ሆኑ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ በእንግሊዝ በኒውማርኬት ጁላይ ካፕን ሮጠ። ከሩጫው በኋላ የእግሩ አጥንት ተሰብሮ ተገኘ። አጥንቱን ሐኪሞች አከሙት፤ ዳነም፤ ግን ከዚያ ወዲያ አልሮጠም።

ታክኦቨር ታርጌት በሜዳ የነገሠበት ዘመን 5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ነው። 41 ጊዜ ሮጠ፤ 21 ጊዜ አሸነፈ፤ ለጌታው ያስገባው ገንዘብ ከ6 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ነበር። ከዚህም በኋላ በመስክ እየዋለ ስድስት ዓመት ያህል በሰላም ኖረ። በሰኔ 2007 ዓ.ም. በመስኩ ላይ ሳለ እግሩ ዳግመኛ ተሰበረ፤ በዚህ ጊዜ ሊድን አልቻለምና እንዳይሠቃይ አሳረፉት።