በዛፍ ሥር ላይ የሚኖሩ ለምግብነት የሚውሉ እንጉዳዮችና የዘረ መል መለያ ዘዴ

በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሀዲያ ዞን የአንሌሞ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ፎንቆና አካባቢዋ በእንሰትና በእህል ምርት ይታወቃሉ። እንደ ሌሎች የሀገሪቱ ደጋማ አካባቢዎች ሁሉ በዞኑም ባሕር ዛፍ ለማገዶ፣ ለቤት መሥሪያና ለገቢ ምንጭነት በስፋት ይተከላል። በክረምት ወራት ከዛፎች ግርጌ የሚበቅለውና በአማርኛ በጅምላ “የጅብ ጥላ” እየተባለ የሚጠራው እንጉዳይ ከፊሉ ለምግብነት የሚውል፣ ከፊሉ ደግሞ ሕይወት የሚያጠፋ ነው። ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት አስቸጋሪ በመሆኑ የዘረ መል (ዲ.ኤን.ኤ) ምርመራ ተመራጭ ዘዴ እየሆነ መጥቷል።

የፈንገስና የዛፍ ሥር ቁርኝት

ማይኮራይዛ በመባል የሚታወቀው የፈንገስና የዛፍ ሥር ቁርኝት በሁለቱም ወገን ጥቅም ላይ የተመሠረተ ነው። ፈንገሱ ከዛፉ ስኳር የሚያገኝ ሲሆን፣ በምትኩ ፎስፈረስ፣ ናይትሮጅንና ውኃ ከአፈር ስቦ ለዛፉ ያቀርባል። ቁርኝቱ በዋናነት በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ፈንገሱ ወደ ሥሩ ሴሎች ዘልቆ የሚገባበት ሲሆን፣ በዓይን የሚታይ የሚበላ እንጉዳይ አያወጣም። ሁለተኛው ፈንገሱ የሥሩን ጫፍ ከውጭ እንደ ልባስ የሚሸፍንበት ነው። ከዛፍ ሥር ጋር ተቆራኝተው የሚበቅሉ የሚበሉ እንጉዳዮች የሚገኙት በዚህኛው ውስጥ ነው።

በኢትዮጵያ ደረቅ ደጋማ ደኖች የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ጥድ፣ ዝግባና ጥቁር እንጨትን የመሳሰሉ ሀገር በቀል ዛፎች የመጀመሪያውን ዓይነት ቁርኝት ይመሠርታሉ። በአንጻሩ ከውጭ የገባው ፓቱላ ያለ ሁለተኛው ዓይነት ቁርኝት በሚገባ አያድግም። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሁለቱንም ዓይነት መመሥረት ይችላል። ስለሆነም በሰው ሠራሽ ደኖች ውስጥ ከእነዚህ ዛፎች ሥር ጋር ተቆራኝተው የሚገኙ እንጉዳዮች በርካታዎቹ ከችግኝና ከአፈር ጋር ከውጭ የገቡ ናቸው።

የምርመራው ሂደት

ባለሙያዎች የሥሩን ጫፍ በውኃ አጥበው በአጉሊ መነጽር ከለዩ በኋላ ፈጭተው ዲ.ኤን.ኤውን ያወጣሉ። ቀጥሎም ፒ.ሲ.አር በተሰኘው ዘዴ ናሙናውን በተደጋጋሚ በማሞቅና በማቀዝቀዝ የሚፈለገውን የዘረ መል ክፍል ያበዛሉ። ይህ ክፍል አይ.ቲ.ኤስ የሚባለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች የፈንገስ ዝርያ መለያ እንዲሆን በይፋ ሐሳብ አቅርበውበታል።

የክፍሉ ቅደም ተከተል ከተነበበ በኋላ ጂንባንክና ዩናይት ከተባሉ ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋቶች ጋር ይነጻጸራል። በአብዛኛው 97 በመቶና ከዚያ በላይ መመሳሰል ለዝርያ መለያ መነሻ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል። ከሥሩ ጫፍ የተገኘው ውጤት ከዛፉ ግርጌ ከተለቀመው እንጉዳይ ጋር ከተመሳሰለ የትኛው እንጉዳይ በየትኛው ዛፍ ላይ እንደሚኖር ለማረጋገጥ ይቻላል።

በኢትዮጵያ የተካሄዱ ጥናቶች

እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2006 የወጡ የምርምር ውጤቶች የጥቁር እንጨት፣ የጥድና የዝግባ ሥር ፈንገሶችን በዘረ መል መርምረዋል። በጥናቱም ጎን ለጎን የሚበቅሉት ጥድና ዝግባ የተለያዩ ፈንገሶችን እንደሚያስተናግዱ ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የኢትዮጵያና የስፔን ተመራማሪዎች በፓቱላና በባሕር ዛፍ ደኖች የሚገኙ እንጉዳዮች የደኑ ዕድሜ ሲጨምር እንዴት እንደሚለዋወጡ አጥንተዋል። በፓቱላ ደን ከሚገኙት የሚበሉ ዝርያዎች አንዱ ሱሉስ ሉቴዎስ ሲሆን፣ በተለያዩ ሀገሮች ለገበያ ይቀርባል። ይህም ደን ሳይቆረጥ ገቢ ሊያስገኝ እንደሚችል ያመላክታል።

የጥንቃቄ ነጥቦች

የዘረ መል ምርመራ የእንጉዳዩን ስም እንጂ ለምግብነት መዋል አለመዋሉን በራሱ አይናገርም። ስሙ ከታወቀ በኋላ ስለ መርዛማነቱ የተመዘገበውን መረጃ መመልከት ያስፈልጋል። በመረጃ ቋቶች ውስጥ የአፍሪካ ዝርያዎች ቁጥር አነስተኛ በመሆኑም አንዳንድ ናሙናዎች አቻ ላያገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ናሙናው ደርቆ ለማመሳከሪያ እንዲቀመጥ ይመከራል።

በባሕር ዛፍ ሥር የሚበቅለው ስክሌሮደርማ የተባለው እንጉዳይ መርዛማ ሲሆን፣ ገና ሳይበስል ከሚበሉ ክብ እንጉዳዮች ጋር ይመሳሰላል። ከአውሮፓ ዛፎች ጋር ወደ ደቡብ አፍሪካ የገባው አማኒታ ፋሎይደስ ደግሞ ጉበትን የሚያጠፋ መርዝ የያዘ ሲሆን፣ መርዙ በመቀቀል አይወገድም። የሕመሙ ምልክት ከተበላ ከበርካታ ሰዓታት በኋላ ስለሚታይ ተጎጂው በወቅቱ ወደ ጤና ተቋም ላይደርስ ይችላል። በመሆኑም የግብርናና የጤና ጽሕፈት ቤቶች ዝርያው ያልተረጋገጠ እንጉዳይ ለምግብ እንዳይውል በቅንጅት ማስተማር ይጠበቅባቸዋል።

ናሙና በመሰብሰብ ረገድ የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ተፈጻሚ ይሆናል። አዋጁ ረቂቅ ሕዋሳትን ጨምሮ የጄኔቲክ ሀብትን ለመጠቀምም ሆነ ከሀገር ለማውጣት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። የአካባቢው ማኅበረሰብ ስለ እንጉዳይ ያለው ዕውቀት ጥቅም ላይ ሲውልም የማኅበረሰቡ ስምምነት አስቀድሞ መገኘት ይኖርበታል።